እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ስጧቸው፦ ከመርሳት ሕመም ጋር በመጦሪያ ለሚኖሩ አረጋውያን ቀኑን ማዘጋጀት

ትልቅ ሰው ከወንበሩ ብድግ ሲል "ኧረ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ" ማለት አስተዳደጋችን ነው። ጥሩ አስተዳደግ ነው። ከመርሳት ሕመም፣ ማለትም ከዲሜንሺያ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ባሉበት መጦሪያ ውስጥ ግን ይኸው አክብሮት ሊጎዳቸው ይችላል። ቡናው ይፈላላቸዋል፣ አልጋው ይነጠፍላቸዋል፣ ልብሱ ይታጠፍላቸዋል። እሳቸው ከቁርስ እስከ ምሳ፣ ከምሳ እስከ እራት ይቀመጣሉ። እየቆየ መነሳት ይከብዳል። ማንኪያ መያዝም ይጠፋል። ሲቁነጠነጡ ወይም ሲጮኹ "በሽታው ባሰባቸው" እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ሥራ መፍታት ነው።

ይህን የምጽፈው አዳማ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ለሚሠሩ ተንከባካቢዎች፣ ለነርሶች፣ ቅዳሜና እሑድ ለሚመጡ በጎ ፈቃደኞችና ለቤተሰብ ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እነዚህ ሰዎች ከመዝናኛ በፊት ሥራና ቦታ እንደሚያስፈልጋቸው መቀበልን ግን ይጠይቃል።

ዲሜንሺያ ተራ እርጅና አይደለም። አንጎልን የሚጎዱ የተለያዩ በሽታዎች ያመጡታል። ከሁሉም የሚበዛው አልዛይመር ነው፤ ከ100 ታማሚዎች ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት ያለባቸው እሱ ነው። በአልዛይመር አስቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ነገር ነው፤ ዛሬ ምን እንደተበላ፣ ማን መጥቶ እንደሄደ። የልጅነትና የወጣትነት ትዝታ ይቆያል። እጅ የለመደው ነገር ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። የልጃቸው ስም የጠፋባቸው እናት ሰፌድ ቢሰጧቸው ምስሩን አንገዋለው ያበጥሩታል። የምንሠራው በዚህ በቀረው ላይ ነው።

1. መጀመሪያ ሰውየውን እወቁ

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ጻፉ። አልጋው አጠገብ ወይም ተረኛ ሁሉ የሚያገኘው ደብተር ውስጥ ይቀመጥ። አሥር ገጽ አትጻፉ፤ የሚያነበው አይኖርም።

ቤተሰብን "እናትዎ ምን ይወዱ ነበር?" ብላችሁ ብትጠይቁ "ሁሉንም ይወዱ ነበር" ይሏችኋል። ጥያቄውን ጠበብ አድርጉት። ጠዋት ሲነሱ አስቀድመው ምን ያደርጉ ነበር? መተዳደሪያቸው ምን ነበር? ሰፈሩ በምን ያውቃቸዋል? ሰው ሲጠራቸው ምን ይላል፤ እትዬ፣ ጋሼ፣ ሐጂ፣ መምህር? ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜ ልካቸውን "መምህር" ተብለው የኖሩ ሰው "አባባ" ሲባሉ ቀና ላይሉ ይችላሉ።

ቋንቋቸውን ጠይቁ። አማርኛን ካደጉ በኋላ የተማሩ ሰዎች ሕመሙ ሲገፋ አማርኛው ሊከዳቸውና ወደ አፍ መፍቻቸው ሊመለሱ ይችላሉ። አዳማ ውስጥ ይህ አፋን ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፣ ጉራጊኛ ሊሆን ይችላል፣ ሌላም። "አይሰሙም፣ አይመልሱም" የተባሉ ሰው "አካም ቡልተኒ?" ሲሏቸው ፊታቸው ሊበራ ይችላል። ቋንቋውን የሚችል ሠራተኛ ወይም ጎረቤት ፈልጉ። ካልተገኘ ሰላምታውን፣ "ውሃ"፣ "ያምዎታል?" እና "ጎበዝ" የሚሉትን ከቤተሰብ ተማሩ።

ሃይማኖታቸውንና ጾማቸውንም ጻፉ። ረቡዕና ዓርብ ሲጾሙ የኖሩ እናት በጾም ቀን ወተት ሲቀርብላቸው ለምን እንደተቆጡ መናገር ላይችሉ ይችላሉ።

በመጨረሻ መነሳት የሌለበትን ነገር ጠይቁ። የሞተ ልጅ፣ እስር፣ ጦርነት። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ዛሬ 80 ዓመት ግድም የሆናቸው ሰው ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ያሳለፉት ከ1948 እስከ 1968 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ሰው ሲያረጅ በብዛት የሚያስታውሰው የዚያን ዕድሜ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ቀይ ሽብር ነው። የቆየ ፎቶ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ከመዘርጋታችሁ በፊት በዚያ ቤት ምን እንዳለፈ እወቁ።

2. ሰዓቱንና ቦታውን አስተካክሉ

አዳማ ሞቃት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይከብዳል። ዋናውን ሥራ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ያዙት። በዚያ ሰዓት ሰውነት ያረፈ፣ አእምሮም የነቃ ነው። ውሃ በየመሀሉ በእጃቸው ስጡ፤ "ጠማዎት?" ብላችሁ አትጠብቁ፣ ጥማቱን ላያውቁት ይችላሉ። ጀንበር ስትጠልቅ ብዙዎቹ ይረበሻሉ። ለዚያ ሰዓት አዲስ ነገር አታምጡ፤ መብራቱን ቀደም ብላችሁ አብሩ፣ ለስላሳ ነገር ብቻ ይሁን።

ቴሌቪዥኑን አጥፉት። ይህን አጥብቄ እላለሁ። ማንም የማያየው ቴሌቪዥን የሁሉንም ትኩረት ይበላል። መነጽር ያላቸው መነጽራቸው ታጥቦ ዓይናቸው ላይ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ የሚያስፈልገው ነገር ብቻ ይቀመጥ፤ ቀለሙም ይለይ። ነጭ ባቄላ በነጭ ሳህን ላይ አይታያቸውም፣ በጥቁር ትሪ ላይ ይታያቸዋል።

በቡድን ከሆነ ከ5 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ኮግኒቲቭ ስቲሙሌሽን ቴራፒ የሚባል፣ እንግሊዝ አገር ተዘጋጅቶ በታንዛኒያና በናይጄሪያም ተስተካክሎ የተሞከረ የቡድን ፕሮግራም አለ። የሚሠራው በዚሁ ቁጥር ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 45 ደቂቃ ያህል፣ ለ7 ሳምንት። ሕመሙ ቀላልና መካከለኛ ደረጃ ላይ ላለ ሰው ነው። ደረጃው ለገፋ ሰው አሥር ደቂቃ ብዙ ነው።

3. በቡና ጀምሩ

ከሁሉም አስቀድሜ የምመክረው ቡና ነው። መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ አለው። ሽታ፣ ድምፅ፣ ሙቀትና ጣዕም አለው። ሁሉም ያውቀዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ቦታ አለው።

ውጭ ወይም በረንዳ ላይ አፍሉት። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል፤ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ማንም አያውቀውም። ምድጃው ከተቀመጡበት ራቅ ይበል፣ አንድ ሠራተኛም ከእሱ አይለይ። ነጠላቸው እሳት እንዳይነካ ቋጠር አድርጉላቸው። አስም ያለበት ሰው ካለ ዕጣኑ ይቅር።

ከዚያ ሥራውን አከፋፍሉ። ሕመሙ ገና ጀማሪ የሆነባቸው እናት ሥርዓቱን ይምሩ፤ ቄጤማው የት እንደሚጎዘጎዝ፣ ቡናው መቼ እንደሚወርድ እሳቸው ይዘዙ። መካከለኛ ደረጃ ላይ ያሉት አንድ አንድ ሥራ ይያዙ። አንዷ ቡና ትልቀም፣ ሌላዋ ትጠበው፣ አንዱ ዘነዘናውን ይያዝ፣ ሌላው ሲኒ ይደርድር። ሙቀጫ ለወንዶችም ጥሩ ነው፤ ክንድን ያሠራል፣ ድምፁም ምት አለው። ሕመሙ የገፋባቸው ደግሞ የተቆላው ሲዞር ጭሱን በእጃችሁ ወደ ፊታቸው አምጡላቸው። ሞቅ ያለ (የማያቃጥል) ሲኒ በሁለት እጃቸው ያቅፉ። ያም ተሳትፎ ነው።

ሥራ አሰጣጡ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳነው እዚህ ነው። "እማማ፣ ቡና ይልቀሙ" ብሎ ትሪ አስቀምጦ መሄድ አይሠራም። ፊት ለፊታቸው ቁጭ በሉ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። "እማማ፣ እስኪ ያግዙኝ፣ ብቻዬን አቃተኝ" በሉ። ትልቅ ሰው እንዲጫወት ሲጠየቅ ይከፋዋል፤ እንዲያግዝ ሲጠየቅ ይነሳል። ከዚያ እናንተው ሁለት ሦስት ፍሬ ልቀሙ፣ ዝም ብላችሁ። ቀጥሎ ፍሬ እጃቸው ላይ አኑሩ። ብዙ ጊዜ እጁ ራሱ ይጀምራል። ካልጀመረ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። አንጎሉ የሰማውን እስኪያገኘው ጊዜ ይወስዳል፤ እኛ ቸኩለን ደግመን ስንናገር ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምርበታል። ንግግራችሁ አጭር ይሁን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ።

ከተበላሸስ? ይበላሽ። ጥሩውን ጥለው መጥፎውን ቢያስቀምጡ አትቆጡ፣ ዓይናቸው እያየም ደግማችሁ አትልቀሙት። ለሚፈላው ቡና ሌላ የተለቀመ አዘጋጁ።

ፈንዲሻ ለሁሉም አትበትኑ። መዋጥ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ሊታነቁበት ይችላሉ። ለእነሱ ለስላሳ ድፎ ዳቦ ይቅረብ፤ በምን መልክ እንደሚሰጣቸው ነርሷን ጠይቁ። ስኳር በሽታ ያለባቸውንም ለዩ። ቡናው የጠዋት ይሁን እንጂ የማታ አይሁን፤ እንቅልፍ ይነሳል።

አቦል ሲቀዳ ከመካከላቸው ትልቁን ሰው "ይመርቁን" በሉ። ይህን አትዝለሉት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ያቆሙ ሰው ምርቃት ሲጠየቁ ቃሉ እየተከታተለ ሊወርድላቸው ይችላል፤ ዕድሜ ልክ የተባለ ነገር ስለሆነ። "አሜን" የሚሉት ደግሞ ሁሉም ናቸው። መጦሪያ ውስጥ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ተቀባይ ነው። ሲመርቅ ሰጪ ይሆናል።

4. የእጅ ሥራ፣ ወንዶቹን ሳትረሱ

ለሴቶቹ ሥራ ማግኘት ቀላል ነው። ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መፈልፈል፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ፎጣ ማጠፍ። ጥጥ የሚፈትሉ ከነበሩ እንዝርትና ባዘቶ አምጡላቸው። ስፌት የሚያውቁ ከሆነ አክርማና ስንደዶ ይዳስሱ፤ ወስፌው ግን ስለሚወጋ ሰው አጠገባቸው ሳይኖር አይሰጥም።

ወንዶቹ ናቸው የሚረሱት። ጥግ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰውም "አባባ ዝምተኛ ናቸው" ብሎ ያልፋቸዋል። መካኒክ ለነበሩ ሰው ትልልቅ ብሎንና ዳዶ በሣጥን ስጧቸው፤ ያጣምሩ፣ ይፍቱ፣ በመጠን ይለዩ። ትንንሹን አውጡት፣ ወደ አፍ ሊገባ ይችላል። ልብስ ሰፊ ለነበሩ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ሜትርና ቁልፍ። ለአስተማሪ ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ። ለገበሬ ዘርና አፈር። ጥበቃ የነበሩ ሰው ከሠራተኛ ጋር ሆነው ማታ በሮቹ መዘጋታቸውን ይዩ። ጫማ መወልወል ለብዙዎቹ ይሆናል።

ሥራው እውነተኛ ቢሆን ይመረጣል። የተላጠው ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ይግባ፣ ምሳ ሲቀርብም "ሽንኩርቱን እትዬ ናቸው የላጡት" ተብሎ ይነገር። የልጆች መጫወቻና የልጆች ሥዕል ማቅለሚያ ደብተር አታምጡ። አንዳንድ እናቶች አሻንጉሊት አቅፈው ይረጋጋሉ፤ ራሳቸው ከፈለጉት አትንጠቋቸው፣ ግን አትጫኑባቸው።

5. የአዳማ የትዝታ ሣጥን

አንድ ካርቶን ፈልጉ። የቆየ ዕቃ ከቤተሰብ፣ ከጎረቤት፣ ከገበያ ሰብስቡ። ስሙኒ፣ ኩራዝ፣ የከሰል ካውያ፣ የቆየ ራዲዮ፣ የብረት ሻንጣ፣ ፋኖስ። ከዚያ የአካባቢውን ጨምሩበት። ይህች ከተማ የባቡር ከተማ ነበረች፤ በጂቡቲና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለሰው የድሮ ባቡር እዚህ ይቆም ነበር። የጣቢያው ፎቶ ታትሞ ይግባ። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ወይም በአገዳ እርሻው ላይ የሠሩ ካሉ የአገዳ ቁራጭ ይዳስሱ፣ ያሽትቱ። ከባጃጅ በፊት ከተማዋን ያመላልሳት የነበረው ጋሪ ነው፤ የፈረስ ልጓም ቢገኝ ብዙ ወሬ ያመጣል።

አጠቃቀሙ ላይ አንድ ደንብ አለ። "ያስታውሳሉ?" አትበሉ። ይህ ፈተና ነው፣ መልሱ የጠፋበት ሰው ደግሞ ያፍራል። ዕቃውን እጃቸው ላይ አድርጉና "ይህ እንዴት ነው የሚሠራው?" ወይም "ከባድ ነው አይደል?" በሉ። የመጣውን ተቀበሉ። ከተማዋን ናዝሬት ካሉ ናዝሬት ናት። ዘመኑን ቢያሳስቱ፣ ጋሪውን ባቡር ቢሉት አታርሙ። እንባ ቢመጣ አትሽሹ፤ እጃቸውን ይዛችሁ ቆዩ። ትዝታ ማልቀስም አለው። ፊታቸው ከፈራ ግን ዕቃውን ቀስ ብላችሁ አንሱና ወደ ሌላ ነገር ውሰዷቸው።

6. ዜማ፣ ጸሎት፣ እንቆቅልሽ

ንግግር ከጠፋ በኋላም ዜማ ሊቆይ ይችላል። የወጣትነታቸውን ዘመን ዘፈን፣ መዝሙር ወይም መንዙማ በስልክ አጫውቱ። ድምፁ መካከለኛ ይሁን፣ በመሃል ማስታወቂያ አይግባበት። ቢቻል ራሳችሁ ዘምሩ፤ ድምፃችሁ ማማር የለበትም። እስክስታ የሚያውቅ ትከሻ ወንበር ላይም ይነቃነቃል።

ዳዊት ሲደግሙ የኖሩ ሰው የመጀመሪያውን ስንኝ ስትጀምሩላቸው ሊቀጥሉ ይችላሉ። ለሙስሊሙም ፋቲሓ እንዲሁ ነው። የሃይማኖት አባቶች በየሳምንቱ እንዲመጡ ጠይቁ፤ ሁሉም በየእምነቱ።

ተረትና ምሳሌ ጀምራችሁ አቁሙ፦ "ድር ቢያብር..."። ጨራሽ አይጠፋም። "እንቆቅልህ!" ሲባል "ምን አውቅልህ!" የሚለው ከሁሉም አፍ ይወጣል። መልሱን ያላወቀን ሰው ግን "አገር ስጠኝ" ብላችሁ አታስጨንቁ፣ መልሱን ቶሎ ስጡ። ገበጣና ዳማ የሚችል ካለ ሕጉ ቢዛነፍም ይጫወት።

7. ግቢ

በየቀኑ ይውጡ። ክብ የሆነ፣ እንቅፋት የሌለው፣ ተመልሶ የተነሱበት የሚያደርስ መንገድ ጥረጉ፤ በመሀሉ ጥላ ያለው አግዳሚ ይሁን። ጤና አዳም፣ በሶቢላና ጦስኝ በአሮጌ ጀሪካን ከፍታ ላይ ትከሉ፣ ጎንበስ ሳይሉ እንዲነኩት። ውሃ የማጠጣት ተራ ይኑራቸው። ንፋሱ አቧራ ሲያነሳ ግን ወደ ውስጥ።

8. አልጋ ላይ ለሚውሉት

ለእነሱ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚለውን አልቀበልም። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ስማቸውን ጠርታችሁ ማን እንደሆናችሁ ንገሯቸው። እጃቸውን በቅባት ቀስ ብላችሁ እሹ፤ ቆዳቸው ስስ ስለሆነ አትጫኑ። ጤና አዳም እንዲያሸቱ ወደ አፍንጫቸው አቅርቡላቸው። የራሳቸውን ነጠላ ጫፍ አስጨብጧቸው። የሚያውቁትን ዜማ በዝግታ አንጎራጉሩ። ዓይናቸውን ቢከፍቱ፣ ትንፋሻቸው ቢረጋጋ፣ ግንባራቸው ቢፈታ መልስ ሰጥተዋል።

ሠራተኛ ጥቂት በሆነበት ቤት ይህ ሁሉ መቼ ይደረጋል? በእንክብካቤው ውስጥ ነው። ስታጥቧቸው ሳሙናውን ይያዙ። ስታለብሱ ከሁለት ቀሚስ አንዱን ይምረጡ። ስትመግቡ እጃችሁን በእጃቸው ላይ አድርጋችሁ አብራችሁ አጉርሷቸው።

9. "እምቢ" ሲሉና "ቤቴ ልሂድ" ሲሉ

እምቢ ካሉ ተዉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በሌላ ሰው ወይም በሌላ አነጋገር ሞክሩ። ማየትም መሳተፍ ነው፤ ዳር ተቀምጠው ይመልከቱ።

"ቤቴ ልሂድ፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል" ሲሉ "ቤትዎ እኮ እዚህ ነው" አትበሉ። "ባለቤቴ የት ሄደ?" ሲሉም "ሞቷል" ብላችሁ አትመልሱ። ትናንት የተነገራቸውን ስለማያስታውሱ በየቀኑ አዲስ መርዶ ታረዷቸዋላችሁ። መርዶ በእኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ በየቀኑ፣ ቆሞ፣ ኮሪደር ላይ አይነገርም። ይልቅ "ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ" በሉ። "ልጆቹ ምን ይወዳሉ? ምን ይሠሩላቸዋል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ክንዳቸውን ይዛችሁም ትንሽ ተራመዱ። ከጥያቄው ጀርባ ሽንት መምጣት፣ ረሃብ ወይም ሕመም ሊኖር ስለሚችል እሱንም እዩ።

10. ደብተሩ

በእያንዳንዱ ቀን ማብቂያ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ምን ተሠራ፣ ፊታቸው ምን ይመስል ነበር፣ ምን ያህል ቆዩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለማን ምን እንደሚሆን ደብተሩ ይነግራችኋል። ዛሬ ያልሆነ ነገር ነገ ሊሆን ይችላል። ሌዊ ቦዲ በሚባለው የዲሜንሺያ ዓይነት ደግሞ ሰውየው አንድ ቀን ንቁ፣ በማግስቱ ድንግዝግዝ ያለ ሊሆን ስለሚችል በአንድ ቀን አትፍረዱ።

በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የተለወጠ ሰው ካለ ግን፣ ትናንት ቡና ይለቅም የነበረ ዛሬ ከፈዘዘ፣ ካንቀላፋ፣ ወይም ያለ ልማዱ ከተቆጣ፣ "ሕመሙ ገፋ" ብላችሁ አትቀመጡ። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል፤ አብዛኛው ደግሞ ይታከማል። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሷቸው። ደብተሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም።